በውይይት ክበብ ስም የደበቅኳቸው ደብዳቤዎች

ሲግናል አካባቢ በነበረው መሥሪያ ቤታችን አንዲት ኮምፒውተር ነበረች። የመጣችው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ወደ ክፍሏ ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ አቧራ ይጎዳታል ተብሎ ነበር። የእኔ ካልሲ ቀዳዳ አያጣም፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በዚያ ሲያሾፍብኝ ይውላል። በመስኮቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታየናል፤ ኮምፒውተሯ እስክትነሳ እሱን እያየን እንጠብቃለን። የዚያች ክፍል ጸጥታ ዛሬም ይናፍቀኛል።

የምንጠቀምባት እኔና እሱ ነበርን፣ በፈረቃ። የይለፍ ቃል የሚባል ነገር አናውቅም፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይከፍተዋል። እኔ ደግሞ የምደብቀው ነገር ነበረኝ። ስለዚህ አንድ ፎልደር ከፈትኩና በላቲን ፊደል «ውይይት» ብዬ ሰየምኩት። የመሥሪያ ቤቱን የውይይት ክበብ ቃለ ጉባኤ የምተይበው እኔ ነኝ፤ እውነተኛው ግን በፍሎፒ ተቀድቶ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ያንን በፈቃዱ የሚከፍት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም አልኩ። በብልጠቴ በጣም ኮራሁ።

ፎልደሩ ውስጥ የነበሩት የወንድሜ ደብዳቤዎች ናቸው። ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ ሁለት ጊዜ ከጻፈ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ቀበና ካለው ቤታችን በር ላይ ቁጭ ብላ መንገድ መንገዱን ማየት ጀመረች፤ ምግብም ተወች። አላስቻለኝም። እሱን ሆኜ ጻፍኩላት። ፊደል ባትቆጥርም የእጅ ጽሑፌን ለይታ ስለምታውቅ «ጓደኛው ጽሕፈት ክፍል ነው፣ እሱ ይተይብለታል» አልኳት። አንብቤላት ስጨርስ ወረቀቱን ስማ ራስጌዋ ታስቀምጠዋለች። ያን ቀን እራቷን ትበላለች። ውሸት መሆኑን ያወቀች ቀን ምን እንደምትሆን ግን ማሰብ አልደፍርም ነበር።

አንድ ቀን፣ የልጄ ደብዳቤ ከመጣልኝ ብላ የተሳለችውን ጃንጥላ እንጦጦ ራጉኤል ልታስገባ ስትወጣ ፈቃድ ወስጄ አጀብኳት። ዳገቱን ሙሉ እያመሰገነች ወጣች፤ እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። በማግስቱ ቢሮ ስገባ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በደስታ ጠበቀኝ።

«ትናንት ጉድ ሊፈላብሽ ነበር! ሊቀመንበሩ የክበቡን ቃለ ጉባኤ አሁኑኑ ካልሰጣችሁኝ ብሎ ቀወጠው። ከፎልደርሽ አትሜ ሰጠሁልሽ።»

«አንብበኸዋል?»

«ቃለ ጉባኤ? አብጃለሁ እንዴ?»

የክበቡ ሊቀመንበር ፈገግታ የማያውቅ፣ በአንድ ቃል ሰው ሊያሳስር የሚችል ካድሬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አስጠራኝ። ጠርዙ የተበሳሳው የማተሚያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ማነው ይህን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ወንድሜ ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። እናታችን እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው።» ለመዋሸት እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ተነስቶ በሩን ዘጋ። አለቀልኝ አልኩ። ተመልሶ ተቀመጠና በእስክሪብቶው አንድ መስመር አሰመረበት።

«እዚህ ጋ ወጥ ቤት ተመደብኩ ይላል። አራተኛው ደብዳቤ ላይ ሾፌር ሆኗል። እናት ይቺን አታልፋትም።»

ቀና ብዬ አየሁት። እሱ የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው።

«እኔ ታናሼን ሆኜ ለእናቴ ስጽፍ ሥራ አልቀይርለትም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ስንቅ ክፍል ነው።»

ወረቀቶቹን አጥፎ መለሰልኝ። ወንድሜን በዚያው ቀን ወደ ወጥ ቤት መለስኩት። እናቴ ያረፈችው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ልጇ ወጥ እየሠራ ነበር።