የእትዬ ዘምዘም ተልባ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ለመመረቂያ ጥናቴ ላቦራቶሪ ውስጥ የጣድኩት ተልባ ሲሞቅ ሽታው ላምበረት መናኸሪያ በር ወሰደኝ። እትዬ ዘምዘም አጠገብ፣ ከሰማያዊው ባልዲያቸው ጎን የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ጎረቤታችን ነበሩ። እናቴ ሥራ ስትሄድ እሳቸው ዘንድ እውል ነበር። ለመንገደኞች ተልባ ይሸጣሉ፤ ፍሬውን ቀቅለው ካጠለሉ በኋላ በጭልፋ ከፍ አድርገው ያንጠባጥቡታል። ጠብታው ሳይበጠስ ረዝሞ ከወረደ «ክር ይዟል» ይላሉ። ክር ሳይዝ አይሸጡም።

«ዘምዘም፣ ይሄ መጠጥ ነው የሻንጣ ገመድ?» ይላቸዋል አንዱ ተሸካሚ።

«ገመድህ ሲበጠስ ና፣ እቀጥልልሃለሁ።»

እኔ ከሻርፓቸው ጀርባ ተደብቄ እስቃለሁ።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር ስኳር አይስማማኝም ብሎ በጨው አዘዘ። «ጨው ጨምሪበት» እያለ ደጋግሞ አስጨመረ። ብርጭቆውን ሲያዘነብለው ተልባው እንደ ውሃ ወረደ።

«ውሃ ደባልቀሽ ነው የምትሸጪልን?»

«ወላሂ፣ ውሃ አልነካሁም!» እትዬ ዘምዘም ባልዲውን አሳዩ። እዚያ ያለው ክር እንደያዘ ነው።

«የባልዲው ለዓይን፣ የብርጭቆው ለእኛ» አለ ከወረፋው አንዱ። ተሳቀ። እትዬ ዘምዘም ከባልዲው እየጨለፉ ክሩን ደጋግመው ሲያሳዩ ዛሬም ይታየኛል።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሳሳ። ተልባውን ትተው አብሽ እየመቱ መሸጥ ጀመሩ። ተልባው ለምን እንደቀጠነባቸው ሳያውቁ አረፉ።

ያን ማክሰኞ ውፍረቱን የለካሁትም ተልባ ጨው ሲገባበት ቀጠነ፤ አብሬ የለካሁት አብሽ ግን እንደነበረ ቆየ። ምክንያቱን አንብቤዋለሁ። የተልባ ልጋግ እንደ ክር በረዘሙ ሞለኪውሎች የተሞላ ነው። ክሮቹ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም ቻርጅ፣ ስለተሸከሙ ይገፋፋሉ፤ በዚህም ተዘርግተው ውሃውን ያወፍሩታል። ጨው ግፊያውን ያበርደዋል፣ ክሩ ይጠቀለላል፣ ውሃው ይፈሳል። የአብሽ ክር ግን ሙል ስለሌለው ከጨው ጋር ጉዳይ የለውም።

አማካሪዬ ውጤቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሳምፕልሽ ውሃ ገብቶበታል። ይቺን የጨው ቁጥር አውጫትና የቀረውን ነገ ጠዋት ለመምህራኑ አቅርቢ። አታስጠይቂን።»

«እሺ ዶክተር» አልኩ። እምቢ ብል ምረቃዬ የሚተላለፍ መሰለኝ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ገና ያልተጠየቅኩትን ጥያቄ በልቤ ስመልስ መውረጃዬን አለፍኩ።

ረቡዕ ጠዋት ቁጥሩን ሳላወጣ መምህራኑ ፊት ቆምኩ። ግራፉ ግድግዳው ላይ ሲበራ አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያቀጠነው ጨው ነው፤ ውሃ አይደለም» አልኩ። ድምፄ እጅግ አንሶ ስለነበር ከኋላ የተቀመጡት «ምን አለች?» ተባባሉ።

ደግሜ ተናገርኩ።