ኅዳር ላይ የተተከለ ድንች

መሐል ሜዳ፣ በቅርቡ በደረሰኝ ቁራሽ መሬት ላይ ድንች ልተክል ጆንያውን ስፈታ፣ የጎነቆለው ዘር ሽታ አክስቴን አመጣብኝ።

እሳቸውም ከባላቸው ተፋተው በስማቸው መሬት ሲያገኙ ኅዳር ገብቶ ነበር። ያኔ ልጅ ነኝ፤ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ዘሩን አቀብላቸዋለሁ። በዚያ የሚያልፉ ጎረቤት ቆም ብለው፣ «ኧረ እትዬ አሰለፈች፣ ውርጭ ይመታዋል! በልግን ቢጠብቁ ምን አለ?» አሏቸው።

አክስቴ ቀና አላሉም። «ይምታው። እስከ ዛሬ የሚመታው የባሌን እርሻ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ የእኔን ይምታ» አሉና አፈሩን በመዳፋቸው መለሱበት።

ያ ድንች ለፍሬ ይብቃ አይብቃ ትዝ አይለኝም። ዛሬም ኅዳር ነው። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ሰማዩን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ አፈሩን በመዳፌ እመልሳለሁ።