በሬዲዮ የመጣው መርዶ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ሰዎች እነዚህ ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በናይሮቢ መሃል ከተማ አንድ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ተቀጥሬ የምሠራ፣ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ፣ የቀረውን ከመጻሕፍት የለቃቀምኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ቤታችን ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሦስተኛው ወንድሟ፣ ደርግን ሸሽቶ ሮም የገባ። አራተኛው የወንድሟ ጎረቤት የሆነ ጣልያናዊ ሽማግሌ፣ በወጣትነቱ የመርከብ ቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረ። አምስተኛው የንስሐ አባታችን። ስድስተኛዋ የባለቤቴ እናት፣ ደሴ የሚኖሩ። ስማቸውን አልጽፍም። ያረፉት ሊፈቅዱልኝ አይችሉም፤ በሕይወት ያሉትንም አልጠየቅኩም።

ሬዲዮው ሰው ስላልሆነ አልቆጠርኩትም። መላኪያውና መቀበያው በአንድ ሣጥን የተሠራ፣ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የሚነጋገሩበት የአማተር ሬዲዮ ነበር፤ አገሩን ለቆ የሚሄድ አንድ እንግሊዛዊ የቡና ገበሬ ዕቃውን ሲሸጥ ነው የገዛሁት። ያኔም አሮጌ ነበር። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ስጭነው ረዳቱ አየት አደረገውና፣ «ይሄ ሰውዬ ወንበር ይዟል፣ ክፈልለት» አለኝ። የሁለት ሰው ከፍዬ አቅፌው ንጋራ ሰፈር ወደሚገኘው ኪራይ ቤታችን መጣሁ።

ሲከፍቱት ወዲያው አይናገርም። በውስጡ ያሉት አምፖል መሳይ የመስታወት ቫልቮች እስኪግሉ ድረስ ዝም ይላል። ቀስ በቀስ የቁጥሩ ሰሌዳ የጠጅ ቀለም ይይዛል፤ የጋለ አቧራ ይሸታል፤ ከዚያ ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ የዓለም ድምፅ ይመጣል። በዚያ ዝናብ ውስጥ የሰዎች ምልክት ብቅ ይልና ይሰምጣል። ሣጥኑ እየሞቀ ሲሄድ ድምፁም ቦታውን እየለቀቀ ስለሚንሸራተት፣ ጣትን ከመዘውሩ ሳያነሡ ቀስ እያሉ መከተል ያስፈልጋል። ሌሎች ይህን ጉድለት ነው ይሉታል። እኔ ትዕግሥት የተማርኩት ከዚያ ነው።

ሰው የማያውቀውን ዕቃ ከመንካቱ በፊት ስለ ዕቃው የተጻፈውን ያንብብ። እኔ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ከሱቅ ስመለስ በረጅምና በአጭር ምት የሚላከውን የሞርስ ፊደል ጮክ ብዬ እያነበነብኩ፣ ረጅሙን ረጅም አጭሩን አጭር እያልኩ፣ ዓመት ሙሉ አጠናሁ። የመንግሥትን ፈተና አልፌ የሬዲዮ ፈቃዴን በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ፈቃዱ የሌላ ሰው መልእክት ማስተላለፍን ይከለክላል። ይህንን ለልጄም፣ ለባለቤቴም፣ ሊጠይቀን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሳልጠየቅ እነግር ነበር።

ሆኖም እውነቱ ይነገር፤ ሕጉን ጥሻለሁ። ወንድሟ ከጎረቤቱ ሽማግሌ ጋር ተስማምቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰላምታ ይልክልን ጀመር። ሰላምታ መልእክት አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከደሴ የሚመጣ ደብዳቤ ተከፍቶ ነበር የሚደርሰው፤ ሰው ፈርቶ ከጤናው በቀር አይጽፍም። ወንድሟ ግን ከአገር ከሚወጣ መንገደኛ ወሬ ያገኝ ነበር። ሽማግሌው አጠገብ ቆሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ያጽፈዋል፤ ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይገባው ፊደል በፊደል ይመታዋል። የእጁ አመታት ክብና የተረጋጋ ነበር፤ እንደ ሰው የእጅ ጽሑፍ ከመቶ ለይቼ አውቀዋለሁ።

ሰዓቱ ከአሥራ አንድ ተኩል በኋላ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሮም መንገድ ይከፈታል። የአንቴናዬ ሽቦ ከጣሪያው እስከ ጎረቤት የጃካራንዳ ዛፍ ድረስ ተዘርግቷል፤ አበባው ሲረግፍ ሽቦው ላይ ያርፋል፣ ነፋስ ሲነካው ይወርዳል። ማዳመጫው ጆሮዬን ስለሚያመኝ በድምፅ ማጉያ ነበር የምሰማው። ባለቤቴ በሚቀጥለው ክፍል የስፌት መኪናዋን እግር ትረግጣለች። ሬዲዮው መናገር ሲጀምር ታቆማለች። ለእኔ አስባ ይመስለኝ ነበር።

«ጣውንቴ ሞቀች?» ትለኛለች ከወዲያ።

«እየሞቀች ነው።»

«ለእኔም እንዲህ ቁጭ ብለህ ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት።»

እኔ መዘውሩን አዞራለሁ። ቀልድ የቤትን ሥርዓት ያላላል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

መርዶው የመጣው በአንድ ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ ልትወልድ ሁለት ወር ገደማ ቀርቷት ነበር። ከትልቋ ልጃችን በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ እንዳትደነግጥ፣ ይኸኛው ከሄደ ሌላ እንደማይኖር ነግሮናል። የሽማግሌው እጅ እንደ ወትሮው ክብና የተረጋጋ ሆኖ መጣ። ፊደሎቹን እየለቀምኩ ጻፍኩ። «እናታችን ዐርፋለች። ሦስት ሳምንት ሆናት። እህቴን በወጉ አርዳልኝ።» ሽማግሌው የሰው ሞት እየተናገረ መሆኑን አያውቅም፤ መጨረሻ ላይ በራሱ ቋንቋ መልካም ምሽት ተመኘልኝ።

በሚቀጥለው ክፍል ያለው የስፌት መኪና ጥቂት ቆየና መጮህ ጀመረ።

መርዶ ወግ አለው። በማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ቆሞ ነው የሚነገር። ነፍሰ ጡር ደግሞ አትረዳም። ስለዚህ እስክትወልድ፣ ልጁም ክርስትና እስኪነሣ ለመደበቅ ወሰንኩ። የጣቢያ መዝገብ አለኝ፤ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ስለ ምን እንደተነጋገርኩ የሚጻፍበት። በዚያ ቀን መስመር ላይ «ስለ አየር ጠባይ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በፊት በመዝገቤ ውሸት ጽፌ አላውቅም።

«ምን አለ ወንድሜ?» አለችኝ እራት ላይ።

«ደህና ነው።»

«እናቴስ?»

«ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሻል።»

«ሌላ ምንም አላለችም?»

ልጄ እያየችኝ ነው። በዚያው ሳምንት የሰበረችውን ኩባያ ድመት ሰበረችው በማለቷ ቀጥቻታለሁ። «ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብለዋል» አልኩ።

ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ማቆየቱ ወግ ነው፤ አይፈረድብህም። ሰላምታ መፍጠሩን ግን እኔ አላዘዝኩህም» አሉኝ።

«ከጠየቀችኝ ምን ልበል አባ?»

«እሱን እኔ ባውቅ አንተ አጠገብ ምን አስቀመጠኝ።»

የሚቀጥለው ቅዳሜ ደረሰ። ወንድሟ «ነገርካት?» ብሎ አስመታ። «ገና ነው» ብዬ መለስኩ። ሬዲዮውን ዘግቼ ስወጣ ባለቤቴ ጠየቀችኝ፤ እኔም ሰላምታ ፈጠርኩ። በሦስተኛውም እንዲሁ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ አባቶች። የእኔ ግን እያደር ከበደ፤ ምክንያቱም «ደህና ናቸው» ብቻ አልበቃ አለ። ባለቤቴ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «ሌላስ?» ትላለች። እኔም ቁጭ ብዬ እፈልጋለሁ።

ከየት እንደመጣልኝ ዛሬም አላውቅም። ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ ሣጥኑ እየቀዘቀዘ ጠቅ ጠቅ ሲል፣ ውጪ ሰማዩ ወይን ጠጅ ሲሆን፣ አንዲት አሮጊት በሹክሹክታ የምታቀብለኝ ይመስለኝ ነበር። «ስትተኚ እጅሽን ጉንጭሽ ሥር ታደርጊ ነበር ብለዋል። እስካሁንም ታደርግ ይሆን ወይ አሉ።» ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ በየሌሊቱ አጠገቧ ተኝቼ። «ደክሞሽ ሳለ ደክሞኛል አትይም ብለዋል። በይ ብለውሻል።» ይህንንም የማውቀው እኔ ነኝ። «ክር በጥርስሽ ስትበጥሺ ማየት ናፍቆኛል ብለዋል።» በራሴ አፍ ልላት የማልደፍረውን ሁሉ ሟች እናቷ ላይ ጫንኩት። ቅዳሜን እፈራውም እናፍቀውም ጀመር።

ከስምንተኛው ቅዳሜ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ወንድ ልጅ ተወለደ። ደህና ነበረ፤ ጮኸ፣ ጠባ። በአርባ ቀኑ እሑድ ክርስትና ተነሣ። እኔ ለሚቀጥለው እሑድ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችንን አስቸገርኩ። የመጨረሻዋን ቅዳሜም ያለ ሰላምታ አላሳለፍኳትም።

ከመንጋቱ በፊት ወጥቼ በራፍ ላይ ተቀበልኳቸው። ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ባለቤቴ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ቆማለች። ሕፃኑን ለትልቋ ልጃችን አስይዛዋለች።

«ግቡ» አለች። «ብርድ ላይ አትቁሙ።»

ታላቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ነግረሃታል እንዴ?»

«አልነገርኩም።»

«ታዲያ እኛን ለምን ከእንቅልፋችን ቀሰቀስከን?»

«ጋሼ፣ እሱን ይተዉት» አለች። «ወጉን ያድርሱልኝ። እስካሁን ማንም አልነገረኝም።»

ታላቁ ሽማግሌ ነገሩ ሳይገባቸው ወጉን አደረሱ። የእናቷ ስም ሲጠራ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እንደዚያ ዓይነት ልቅሶ አልሰማሁም። የተጠራቀመ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ብቻዋን አገኘኋትና ጠየቅኳት።

«መቼ ነው ያወቅሽ?»

«አንተ ባወቅክበት ቅዳሜ።»

«ማን ነገረሽ?»

ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ የእናቷን መርዶ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ መታችው። ረጅሙ ረጅም፣ አጭሩ አጭር። «ስትማር እኮ እንደ ቆሎ ተማሪ እየጮህክ ነው የተማርከው» አለች። «ዓመት ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ቁጭ ብዬ ሰማሁህ። አንተ ፈተና ተፈተንክ፤ እኔን የፈተነኝ የለም።»

«ወንድምሽ ሲጠይቀኝ ሁሉ ትሰሚ ነበር?»

«እሱ ነገርካት ሲልህ፣ አንተ ገና ነው ስትል። ከዚያ ወጥተህ እናቴ ሰላም እንዳለችኝ ስትነግረኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልጁን ፈራሁ። መርዶ ከተነገረኝ መጮህ ሊኖርብኝ ነው። ካልተነገረኝ ግን አልጮህም። የስፌት መኪናው ሲጮህ እኔ ቀስ ብዬ አለቅስ ነበር።»

ልጠይቅ የማይገባኝን ጠየቅኩ። «በየቅዳሜው እናቴስ ማለትሽ ታዲያ?»

«መልስህን ልሰማ ነዋ።» ፊቷን አዞረች። «አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ ተናግረኸኝ አታውቅም። እናቴም ተናግራኝ አታውቅም። እሷ ቁጡ ሴት ነበረች፤ ካንተ ብትብስ እንጂ። እጄን ጉንጬ ሥር ማድረጌን መቼ አይታ!»

ለልጆቼ ውሸት ውሸት ነው እያልኩ አሳድጌአለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። በዚያ ቀን ግን ያሳፈረኝ ውሸቱ አልነበረም። ያሳፈረኝ፣ እውነት የሆነውን ነገር በሌላ ሰው ስም ካልሆነ መናገር አለመቻሌ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላው አባት እንዲያነብበው ነው፤ የምትለው ካለህ በራስህ አፍ በል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ሳይሞቅ ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ተነሥ» አለችኝ።

«ፈቃድ የለሽም።»

«አውቃለሁ። ግድግዳው ላይ ያንተ ነው ያለው። ተነሥ።»

ተነሣሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ የጣልያናዊው ሽማግሌ ምልክት ከዝናቡ ውስጥ ብቅ ሲል ድምፁ እየተንሸራተተ ሄደ፤ መዘውሩን ይዤ ተከተልኩላት። መምቻውን በመርፌ ልምዷ፣ በሁለት ጣት ያዘችና ቀስ ብላ መታች። እጇ እንደ ስፌቷ እኩል ነበር። «እኔ ነኝ። ተረድቻለሁ። አንተስ አልቅሰሃል?»

መልስ እስኪመጣ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ግድግዳውን ለቆ ሄደ። ከዚያ ክቡ፣ የተረጋጋው እጅ መጣ። «አንቺ ሳታውቂ አልችልም ብዬ ጠብቄ ነበር። ዛሬ አለቅሳለሁ።» ቀጥሎ ሽማግሌው በራሱ ቋንቋ፣ ይህ አዲስ እጅ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ከመጻሕፍት በለቃቀምኳት ጣልያንኛ ነገርኩት፤ ወራቱን ሁሉ ምን ሲያመላልስ እንደነበረም ነገርኩት። መልስ ሳይሰጥ ዘጋ። ለሦስት ሳምንት አልተመለሰም። ሲመለስ ስለ ምንም ነገር ሳያነሣ ሰላምታውን መታ፤ እጁ ግን እንደ ቀድሞው ክብ አልነበረም።

በዚያ ምሽት መዝገቡ ላይ እውነቱን ጻፍኩ፤ ፈቃድ የሌላት ሰው በእኔ ጣቢያ እንደላከች፣ እኔም እንደፈቀድኩ። ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። ብጠየቅ ቅጣቱን እከፍል ነበር።

አርባውም ሰማንያውም ስላለፈን የእናቷን ተዝካር በመንፈቃቸው አወጣን። ለሕፃኑ አያቱ ያስቀመጡለት ስም ስለሌለ እኛው አወጣንለት። የንስሐ አባታችን የእሳቸውን ድርሻ ራሳቸው ያውቃሉ። ለሌሎቻችን ግን ሒሳብ አድርጌዋለሁ፤ ያለ ሒሳብ የሚታለፍ በደል ተመልሶ ይመጣልና። ባለቤቴ ልቅሶዋን ዋጠች። ወንድሟ ያለ እህቱ ማዘን አልቻለም። ጣልያናዊው ሽማግሌ የማያውቀውን ሐዘን ተሸከመ። እኔ ዋሸሁ። ከመርዶው ቅዳሜ እስከ መጨረሻዋ ሰላምታ ለእያንዳንዳችን አሥራ አምስት ቅዳሜ ነው፤ ለአራታችን ስድሳ።