ከዛንዚባር እስከ ፔምባ

አባታችን ዕድሜውን ሙሉ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ፍራሽ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነበር። ካረጀ በኋላ የሚያሳስበው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ የሁለቱ እህቶቼ መኳረፍ።

ታላቅ እህቴ ዛንዚባር ሄዳ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆነች። ቆይታ ታናሽ እህቴንም ወሰደቻት። ታናሽ እህቴ እዚያ አንድ የፔምባ ሰው ወደደች። ፔምባ ከዛንዚባር ወደ ሰሜን ያለች ሌላ ደሴት ናት። ታላቋ "ሰውየውን ገና አላወቅሽውም፣ ትንሽ ታገሺ" ብትላት አልሰማ አለች። አባባ በስልክ መርቆ ዳራት። ታላቋ ኒካው ላይ ሳትገኝ ቀረች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ለእኛ ይደውላሉ እንጂ እርስ በርስ አይነጋገሩም።

አንድ ቀን አባባ ከዙሁር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጠራኝ።

"እስቲ በዚያ ስልክህ እይልኝ። ከአንዷ ደሴት ወደ ሌላዋ ምን ያህል ነው?"

"በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ርቀቱ መቶ ሀያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።"

"ከዚህ ቡታጅራ በለኛ።" ቀጠለና፣ "እኔ ለለቅሶ ቡታጅራ ደርሼ በዚያው ቀን እመለስ ነበር፤ ያውም በዚያ መንገድ" አለ።

ወዲያው ለታላቋ አስደወለኝ። ታናሿ ወንድ ልጅ ከወለደች ወራት አልፈዋል።

"ሂጂና ልጁን እዪልኝ" አላት። "እኔ ባሕር የምሻገርበት ጉልበት የለኝም።"

አለቀሰች፤ እሺም አለች። ታናሿም ስትሰማ "ትምጣ ብቻ" አለች።

የበረራው ቀን አባባ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ ዋለ። ትንሿ አውሮፕላን ፔምባ ሰማይ ላይ ደርሳ፣ ዝናብና ንፋሱ አላሳርፍ ስላላት ዞራ ዞራ ወደመጣችበት ተመለሰች። ታናሽ እህቴ ልጇን ታቅፋ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆማ ቀረች። ታላቋ ዛንዚባር እንደወረደች ደወለች።

"አባባ፣ ዛፎቹን ሁሉ በመስኮት አየኋቸው እኮ። ማረፉ ነው ያቃተን።"

"ነገ ሂጃ።"

"ነገ ሥራ እገባለሁ። ቱሪስቱ ጋብ ሲል እሄዳለሁ። ምን አላት፣ ግማሽ ሰዓት አይደለች?"

እኛም እንደዚያው አሰብን። ቅርብ ነው ብለን ማናችንም አልቸኮልንም። ቱሪስቱ ጋብ ሳይል አባባ በተኛበት አረፈ።

ታናሽ እህቴ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት በዛንዚባር ማለፍ ነበረባት። ልጇን ይዛ ያችን ግማሽ ሰዓት በረረች፤ ታላቋ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቀቻት። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። ኮልፌ ሲደርሱ ግን ሕፃኑ ታላቋ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነበር። ቀብሩ አልፏል። ታላቋ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ አየችኝና፣ "ትንሽ እንኳ አልጠበቀኝም?" አለች።

አሁን ይጠያየቃሉ። ለዒድ አንዷ ወደ ሌላዋ ትበራለች፤ አብረው የተነሱትን ፎቶ ይልኩልኛል። ፎቶው ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል። አባባ የፈለገው ይህንን ነበር። ለማን እንደማሳየው ግራ ይገባኝና ስልኩን ይዤ ብቻዬን እቀመጣለሁ።