ቀፎ ለማየት የሄድንባቸው እሁዶች

ትናንት እኛ ቤት ልናጠና ተቀምጠን ማንኪያውን ከአፍሽ አውጥተሽ ፊትሽን ቋጠር አደረግሽና «ይሄ ማር ለምንድን ነው የሚመረው?» አልሽኝ። የግራዋ ማር ስለሆነ ነው አልኩሽ። መልሱ ውሸት አልነበረም፤ ግራዋ ባበበበት ሰሞን የተሠራ ማር ይጠቁራል፣ ይመራልም። እኛ አገር መድኃኒት ነው ብለው የሚፈልጉት አሉ። ከዚያ ልትደግሚ ስትይ እጅሽን ያዝኩት። ሰሰተች ብለሽ ታዝበሽኝ ይሆናል። ደብተራችንን ገልጠን ለፈተናው ያነበብነው ምዕራፍ ግን አንድም አልገባኝም። የጠርሙሱ አፍ የታሰረበት የእንሰት ቅጠል ሲፈታ የወጣው የጭስና የእርጥብ ቅጠል ሽታ ከጣቶቼ አልለቅ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እንደተጋባን የኖርነው ቦንጋ ነው። ባለቤቴ የዚህ የደብረ ብርሃን ልጅ ቢሆንም በመንግሥት ሥራ ተመድቦ እኛ አገር መጥቶ ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ አንድ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት እሠራ ነበር። የተዋወቅነውም እዚያ ነው፤ ሪፖርት ሊያስጽፍ ይመጣና አንድ ገጽ በተጻፈ ቁጥር ሦስት ስህተት ያገኝብኝ ነበር። በኋላ ሲያምን፣ ሁለቱ ስህተት እንዳልነበሩ ነግሮኛል።

የተከራየናት ቤት አንድ ክፍል ነበረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መነጋገር ስለማንችል በእጅ ምልክት ሻይ እንጠያየቅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ እስከ ከተማው ዳር እንሄድና ከዚያ በእግራችን ወደ ፏፏቴው እንወርዳለን፤ አንዳንድ ቅዳሜ ደግሞ ሰው የእግዜር ድልድይ ወደሚለው የተፈጥሮ ድልድይ። የተጠበሰ በቆሎ በጋዜጣ ጠቅልዬ እይዛለሁ። እሱ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ስለሆነ ጫካ ውስጥ ስንገባ ሁልጊዜ ቀና እያለ «ሰማዩን የት አደረጋችሁት?» ይለኝ ነበር። ጉሬዛዎች ከላያችን ቅርንጫፍ ሲያወዛውዙ ደንግጦ እጄን ይይዛል። እኔ ደግሞ እጄን እንዲይዝ ብዬ ብቻ ጉሬዛ ያለበትን መንገድ እመርጥ ነበር።

እሁድ ግን የወላጆቼ ነበር። ወደ ዋጫ ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ትንሽ ተጉዘን እንወርድና ጭቃውን እየመረጥን ግማሽ ሰዓት እንሄዳለን። መጀመሪያ ጊዜ እናቴ ቆጮ በጎመን ስታቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ የቀረውን ቀስ አድርጎ ወደ ጃኬቱ ኪስ ሲከት አክስቴ አየችው። «አማቻችን ጨዋ ነው፤ ለኪሱም ያጎርሳል!» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያን ቀን በኋላ እሱ ቆጮ መብላት ለመደ፣ አክስቴም በመጣ ቁጥር ኪሱን መፈተሽ ለመደች።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። ለእሱ አማቹ የመንግሥት ሰው ነበር፤ «እርስዎ» ነበር የሚለው። ባለቤቴ «አባባ፣ ኧረ አንተ ይበሉኝ፤ ልጅዎ ነኝ» ብሎ ቢለምነውም «እሺ፣ እንደሚሉት» ብሎ ይመልስለት ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽና የፈለግሽውን ፍረጂብኝ። ባለቤቴ አገሩ ላይ ብቻቸውን የቀሩ የታመሙ እናት ነበሩት። ገና ሳንጋባ ነግሮኛል፤ ዝውውር ጠይቆ እንደሚመለስ፣ እኔም አብሬው እንደምሄድ ተስማምተናል። የዝውውር ማመልከቻውን ራሴ ነኝ የጻፍኩለት፣ በዚያው በምሠራበት ቤት፣ ስህተት ሳይገኝብኝ። ለወላጆቼ ግን አልነገርኩም። ሁሉም ደስ እንዲለው እፈልግ ነበር። እሱን እሺ ስለው ደስ ይለው ነበር፤ አባቴም እሁድ እሁድ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀን ደስ ብሎት ነበር። ሁለቱን ደስታ አንድ ላይ መያዝ የምችል መስሎኝ ነበር።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ አባቴ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ «ቀፎ ጀምሬልዎታለሁ» አለው።

በእኛ ቤት ልማድ ለአማች ቀፎ ይሰቀልለታል። አማቹ ለሁለት ቀን እንግዳ ከሆነ አይሰቀልም፤ አገሬው ሆኖ የሚኖር ከሆነ ነው። ዛፉን የሚመርጠው የልጅቱ አባት ነው፣ ቀፎውን የሚሠራውም እሱ። ከዚያ በኋላ ግን ቀፎው የአማቹ ነው። ማሩ ሲደርስ ባለቀፎው ከዛፉ ሥር ሳይቆም አይከፈትም፤ መጀመሪያ የወጣው የማር እንጀራም የሚቀመጠው በእሱ መዳፍ ላይ ነው። አያቴ ለአባቴ ይህንኑ አድርጎለታል።

ባለቤቴ እኔን አየኝ። እኔ ሰሃን አነሣሁ።

ወደ መኪና መንገዱ ስንመለስ ጭቃው መሃል ቆሞ «ተመልሰን እንንገራቸው» አለኝ። «ሰውየው ለእኔ እንጨት ሊፈልጥ ነው እኮ!»

«በሚቀጥለው እሁድ እኔ እነግረዋለሁ» አልኩት።

«ካልነገርሽው እኔ እናገራለሁ።»

«የእኔ አባት ነው፤ እኔ እነግረዋለሁ አልኩህ እኮ።»

በሚቀጥለው እሁድ ስንደርስ አባቴ የቀፎውን ስንጥር በሐረግ እያሰረ፣ ጠባብ አፉን በመዳፉ እየለካ ነበር። በሌላው እሁድ ንብ እንዲስብ በቅጠል ሸፍኖ ያጥነው ነበር። ጭሱ ዓይኑን አስለቅሶት ሲስቅ አየሁትና ለሌላ እሁድ አቆየሁት። ደግሞ በልቤ ‘ዝውውሩ ላይፈቀድ ይችላል’ እል ነበር። ስንት ሰው አመልክቶ ዓመታት ይጠብቃል።

የተሰቀለ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ዛፉ አንድ ትልቅ ቀረሮ ነበር፤ ከሥሩ በታች ያለው ቁልቁለት በግራዋ የተሞላ። አባቴ ሸሚዙን አውልቆ ወጣ። እናቴ ከታች «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን አስብ!» እያለች ነበር፤ እሱ ግን ቅጠሉ ውስጥ እስኪሰወር አልሰማትም። ከዚያ ገመዱ ወረደ። ወንዶቹ ቀፎውን አሰሩና መሳብ ጀመሩ፣ ባለቤቴም ከፊት ሆኖ። ግማሽ ላይ እጁ ተልጦ ሲያቃጥለው ገመዱን ለቀቅ አደረገው፤ ቀፎው ተወዛወዘ። ያኔ ከላይ፣ ከቅጠሉ ውስጥ፣ የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ሳብ! አንተ ልጅ፣ ሳበው! እስክሪብቶ የያዝክ መሰለህ እንዴ!»

ሁሉም ሳቀ። ባለቤቴ ግን የሳቀው ዘግይቶ ነው። ዞር ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ በርቶ ነበር። «ሰማሽ? አንተ አለኝ» አለኝ። ሁለት እጁን ገልብጦ የተላጠውን አሳየኝ፣ ሽልማት እንደተሰጠው ልጅ። ያኔም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ እሁዶቻችን የቀፎው ሆኑ። ቆጮአችንን በልተን ሦስታችን ወደ ቀረሮው እንሄድና ቅጠል አንጥፈን በጀርባችን እንጋደማለን። ብርሃኑ በቅርንጫፎቹ መሃል በቀጭኑ እየወረደ የአባቴን ሽበት ያበራዋል። ንቦቹ አልገቡም ነበር። አባቴ «ጭሱ አንሶት ነው» ይላል፤ ሌላ ቀን «ዝናቡ ነው» ይላል። ባለቤቴ «አባባ፣ አማርኛ ተናጋሪ ስለሆንኩ ይሆናል ያልገቡት» ሲለው አባቴ እንዲህ ይለው ነበር፦ «አንተን ቆጮ ያስለመደ ቤት ንብ ማስለመድ ያቅተዋል?»

የዝውውሩ ደብዳቤ የመጣው በዚያን ሰሞን ነው። ባለቤቴ ይዞት ወደ ሥራ ቦታዬ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ሦስት ኮፒ ያስፈልገው ነበር። የማሽኑ ብርሃን ከእጄ ሥር ሦስት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ሦስተኛው ወረቀት ሲወጣ ትኩስ ነበር። እሁድ እነግረዋለሁ አልኩት፤ እሁድም ሄድን፣ አልነገርኩትም። ባለቤቴ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት። በሌላው እሁድም ሄድን፤ እናቴ አሟት ነበርና እሱን ሰበብ አደረግሁ። ሁለቴ ከእጄ አመለጠ።

በሁለተኛው እሁድ ማግስት በጀመረው ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ አባቴ ቦንጋ ገበያ ኮረሪማ ሊሸጥ ወጣ። ከባለቤቴ ጋር የሚሠራ አንድ ሰው አግኝቶት በሰው ፊት ጨበጠው፤ «እንኳን ደስ ያለዎት! አማችዎ ዝውውሩ ተሳካላቸው አይደል? ልጅዎም ወደ ደጋ ልትወጣ ነው!» አለው። ይህን ያወቅሁት ኋላ ከእናቴ ነው። አባቴ «አሜን» ብሎ ኮረሪማውን ሳይሸጥ ተመልሷል።

በማግስቱ እሁድ ስንደርስ አጥሩ በር ላይ አልነበረም። ቤት ገባን፤ ተነሥቶ በሁለት እጁ ባለቤቴን ጨበጠ። ቆጮው ቀረበ። አክስቴ የባለቤቴን ኪስ አልፈተሸችም። በልተን ስንጨርስ አባቴ «እንሂድ» አለ፤ እኔና ባለቤቴ ከኋላው ተከተልነው።

ገና ሳንደርስ ሰማነው። ቀረሮው ሥር ስንቆም ድምፁ ደረት ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነበር፤ ከላይ የቀፎው አፍ በንብ ጠቁሯል።

«ገብተዋል» አለ አባቴ። «ሐሙስ ነው የገቡት። ይዩት እንግዲህ፣ የእርስዎ ነው።»

ባለቤቴ «እርስዎ»ን ሲሰማ ሁሉም ነገር ገባው። «አባባ፣ ልንነግርዎ…» ብሎ ጀመረ።

«ግዴለም፤ የመንግሥት ሥራ ነው» አለው አባቴ። «እናትም አለችዎት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ባለቤቴ በማይሰማው በእኛ ቋንቋ፣ በዝግታ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ገመዱን ስንስብ ታውቂ ነበር?»

ቀና ብዬ ቀፎውን አየሁ። አባቴ ራሱን ነቀነቀና ቀድሞን ቁልቁለቱን ወረደ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

የሄድን ቀን መናኸሪያ የመጣችው እናቴ ብቻ ናት። «አባትሽ ‘ሲመጡ ይከፈታል’ ብሏል» አለችኝ፤ ሌላ መልእክት አልነበረውም።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነን። ለመስቀል እንመጣለን አልን፣ ባለቤቴ ሥልጠና ገባ። ለፋሲካ አልን፣ እናቱ ጠናባቸው፤ እኔ ሳስታምም ከረምኩ። አምና አረፉ፤ የመጣንበት ምክንያት አለቀ፣ ግን አሁንም አልሄድንም። በዚያው እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ እሱም አንድ ደረጃ አደገ። ስደውል አባቴ ሌላ ሌላውን ጠይቆኝ መጨረሻ ላይ «ቀፎው አለ። ሲመጡ ይከፈታል» ይለኛል። ከሌሎቹ ቀፎዎቹ ነጭ ማር በሰው ይልክልናል። ባለቤቴ ነጩን ማር በጣም ይወዳል።

ባለፈው ሳምንት ግን ይህ ጥቁሩ መጣ። እንደቀመስኩት የግራዋውን ቁልቁለት አየሁት። ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ።

«የእናንተን ቀፎ አወረደው» አለችኝ። «ጉልበቱን አሞታል፤ ከእንግዲህ ዛፍ አልወጣም ብሏል። ለመጨረሻ ብሎ ወጣ።»

«ማን አብሮት ነበር?»

«ማንንም አልጠራም፤ ብቻውን ነው። ጠርሙሱን ራሱ አሰረና ‘ለባለቀፎው ይድረስ’ አለ።»

በዚያው ቀን እራት ላይ ጠርሙሱን ለባለቤቴ አቀረብኩለት። የዚህ አገር ብርድ ማሩን አርግቶት ስለነበር በማንኪያ ጫን ብሎ አወጣ። መዳፉን አየሁት፤ የገመዱ ምልክት ከጠፋ ቆይቷል። ቀመሰና ፊቱን ልክ እንዳንቺ ቋጠረው።

«ይሄ ተበላሽቷል መሰለኝ። የእናንተ ማር ነጭ አልነበር እንዴ?» አለኝ።

«ነበር» አልኩት።

ጠርሙሱን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ዜናውን ከፈተ። እኔ ሰሃን አነሣሁ። እሁድ እነግረዋለሁ አልኩ በልቤ፤ ሥራ የለውም፣ ረጋ ብሎ ይሰማኛል። እሁድም አለፈ።

እና ትናንት እጅሽን የያዝኩት ሰስቼ አይደለም። ማሩ የሰው ነው፤ ባለቀፎው ገና የእሱ መሆኑን አላወቀም።