ልብስ ሰፊዋ ማዳመጫ የመረጠች ሰሞን

ሹፌሩ የከተማ አውቶቡሱን አስረክቦ ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ መቀስ በእጇ ይዛ ብቻዋን ትስቃለች። ከፊቷ አንድ የተማሪ ቀሚስ ተዘርግቷል። ጠርዙን ዙሪያውን በሚያምር ስፌት ቀምቅማዋለች፤ ችግሩ ከጨርቁ ጋር የጆሮ ማዳመጫዋንም ገመድ አብራ መስፋቷ ነው። ዘፈን እየሰማች ስትሰፋ ገመዱ ሹልክ ብሎ ከጨርቁ ሥር ገብቷል፤ የስፌት መኪናውም ጥርቅም አድርጎ ሰፍቶታል።

«ዘ... ዘፋኙ መሀል ላይ ዝም ሲል፣» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «እኔ ደግሞ... ደ... ደ...»

«ደከመው ብዬ!» ብሎ ጨረሰላት ባሏ።

«ደ... ደረጃው ዝቅ ያለ ዘፈን ነው ብዬ ልቀይረው ነበር።»

እንዲህ ነበሩ። ሴትዮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ትንተባተባለች። በተለይ በ«ተ»፣ በ«ደ»፣ በ«ግ» እና በ«ቀ» የሚጀምር ቃል ሲመጣባት አፏ ላይ በር እንደተዘጋ ሁሉ ትቆማለች። ባሏ ደግሞ ከተጋቡበት ጊዜ አንስቶ የተቋረጠውን ቃል እየቀጠለ ይጨርስላታል። ፍቅር ነው ብሎ ነው የሚያደርገው። አንዳንዴ ይሳካለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እሷ ያሰበችው ሌላ፣ እሱ የተናገረው ሌላ ነው። እሷም ማስተካከሉ ስለሚያደክማት ዝም ብላ ትተወዋለች። ደንበኞቿ በበኩላቸው ዝምተኛ ሴት እንደሆነች ነው የሚያውቁት። ልክ ስትለካ የስፌት መርፌዎች በከንፈሮቿ መሀል ደርድራ ስለምትይዝ፣ መልስ የሚጠብቅባት የለም። መርፌዎቹ ለሥራው የግድ እንደማያስፈልጓት የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነው።

አንድ ክረምት ከደረጃ ወድቃ ጉልበቷን ተሰበረች። እግሯ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ስትውል፣ ሴት ልጃቸው የድሮ ኮምፒውተሯን አምጥታ «እማዬ፣ መሰላቸት ከሚገልሽ» ብላ አንድ ጌም ጫነችላት። አራት ሰዎች፣ እያንዳንዱ ከየቤቱ ሆኖ፣ በኢንተርኔት ተገናኝተው ኮረብታ ላይ ያለ ምሽግ ከጠላት የሚጠብቁበት ጨዋታ ነው። ልጅቱ እናቷ ሁለት ቀን ተጫውታ ትተወዋለች ብላ ነበር። ጀሶው ሲፈታ ግን ሴትዮዋ የቡድኑ አለቃ ሆና አገኘቻት።

ስሟ «መርፌ» ነው እዚያ። ሌሎቹ የቡድኑ አባላት ሦስት ናቸው፤ ነብሮ፣ ጭሱ እና ዘበኛው ይባላሉ። ፊቷንም ድምጿንም አያውቁም፤ የምታዘው በጽሑፍ ነው። «ግራ ያዝ።» «ተመለስ።» «አሁን።» ትዕዛዟ አጭር፣ ውሳኔዋ ፈጣን ስለሆነ፣ ጡረታ የወጣ የጦር መኮንን ነው ብለው ተስማምተዋል። «አንተ» እያሉ ነው የሚጽፉላት። እሷም አላስተካከለቻቸውም። ጨርቁን ከመቁረጧ በፊት ሙሉውን ልብስ በዓይኗ የምታይ ሴት፣ ጠላት በየት እንደሚመጣም ቀድማ ታያለች። ባሏ አንዳንድ ጊዜ ከጀርባዋ ቆሞ ሲያያት፣ ጣቶቿ እንጂ አፏ የማይናገርበት ያ ሰዓት፣ ያላወቃትን ሌላ ሴት ያሳየው ነበር።

ታዲያ ቡድኑ ለውድድር ተመዘገበ። ለልምምድ ከጠንካራ ቡድኖች ጋር ሲገጥሙ ግን በተከታታይ ይሸነፉ ጀመር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እሷ ስትጽፍ እጇ ከጨዋታው ይወጣል፣ ሌሎቹም ለማንበብ ዓይናቸውን ያነሳሉ። ነብሮ አንድ ቀን «መርፌ ወንድሜ፣ እባክህ ማይክ ግዛ! በጽሑፍ ጦርነት የለም» ብሎ ጻፈላት።

እሷም ኮምፒውተሩን ዘጋች። ጥቂት ቀን ዘፈንም ሳትከፍት ሰፋች። ቅዳሜ ላይ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመውጫ ጫማዋን አደረገችና፣ «ና እንሂድ፣» አለችው። «ማ... ማዳመጫ ልገዛ ነው። ማይክ ያለው።»

ሹፌሩ «እርግጠኛ ነሽ?» ሊል ፈልጎ፣ ፊቷን ሲያይ ቁልፉን ብቻ አነሳ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ በማዳመጫ ተሸፍኗል። ሻጯ ጸጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች ፈገግተኛ ወጣት ነበረች። «እናቴ፣ ምን ልርዳዎት? ለልጅዎ ነው?»

«ለ... ለራሴ። ለጌምም ለዘፈንም የሚሆን። ገመድ የሌለው። የውጭ ድምፅ የሚ...»

«የውጭ ድምፅ ድርሽ የማያስደርግ!» አለ ባሏ። «ጭጭ የሚያሰኝ!»

ሻጯ ትልቅ ጥቁር ማዳመጫ አውርዳ ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። መንገዱም፣ የሰው ጫጫታም፣ የባሏ ድምፅም ድንገት ጠፋ። አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ታየዋለች። አወለቀችው።

«የሚ... የሚያሳልፍ ነው የምለው፣» አለች። «የስፌት መኪናዬን ድምፅ ካልሰማሁ መርፌ ሲ... ሲሰበር በምን አውቃለሁ?» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። አልተቆጣችም፤ እጁን ያዝ አድርጋ ነው የነገረችው። «እኔ ልጨርሰው። ቢ... ቢረዝምም ልጨርሰው።»

ሹፌሩ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ አውቶቡስ በመስተዋት ብቻ እያየ ወደ ኋላ የሚያቆም ሰውዬ፣ ሱቁ ውስጥ ባለች ዱካ ላይ ኩምሽሽ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ምርጫው በሁለቱ ሴቶች መሀል ሆነ። እሷ የሚያስቸግራትን ትናገራለች፣ ሻጯ መላ ትፈልጋለች፤ ሻጯ ቃሉ እስኪያልቅ ድረስ ጠረጴዛውን ተደግፋ የምትጠብቅ ልጅ ነበረች። አንዱ ማዳመጫ የመነጽሯን እጀታ ጆሮዋ ላይ እየተጫነ አመማት። አንዱ ደግሞ ከበሮውን ብቻ እያስጮኸ ዘፋኙን ውጦ አስቀረው፤ «ይሄ ሠ... ሠርግ ቤት ነው» ብላ መለሰችው። ሦስተኛውን አድርጋ በስልኳ ሚስማር የሚመታ አናጢ ቪዲዮ ከፈተች። መዶሻው ሚስማሩን ነክቶ ሲነሳ ነው ድምፁ የሚመጣው።

«ይዘገያል፣» አለች።

«በብሉቱዝ ሲሆን ትንሽ ይዘገያል፣ እናቴ። ለዘፈን ምንም አይደለም፤ ለጌም ግን ተተኩሶብዎት ካለቀ በኋላ ነው የሚሰሙት።» ሻጯ ከመደርደሪያው ሥር ሌላ ካርቶን አወጣች። «ይሄኛው የራሱ መቀበያ አለው። ይቺን ትንሿን ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኳታል፤ ድምፁ ወዲያው ነው የሚደርሰው። ስልክ ላይ ደግሞ በብሉቱዝ ዘፈንዎን ይሰማሉ። ሲፈልጉ በዚች ቁልፍ የውጭውን ድምፅ ያስገባል።» በሱቁ ኮምፒውተር አናጢውን ደግመው ከፈቱት፤ መዶሻውና ድምፁ አንድ ላይ ገጠሙ። ማዳመጫው ክብደቱ ቀላል ነው። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ጨርቁም አያፍንም። ዘፈን ስትከፍት ዘፋኙም ጊታሩም እያንዳንዱ በየቦታው ቁጭ አለላት።

የቀረው ማይኩ ነው። «ይናገሩና እቀዳዋለሁ፤ መልሰው ይሰሙታል፣» አለች ሻጯ። ልብስ ሰፊዋም የስፌት መኪናዋን ጩኸት እንዲመስል የባሏን ቁልፎች ማይኩ አጠገብ እያንኳኳች ተናገረች፤ «ጠላት በ... በግ... በግራ በኩል እየመጣ ነው። ተ... ተ... ተመለሱ።»

ሻጯ ቅጂውን በድምፅ ማጉያ ከፈተችው። ሚስቱ እድሜዋን ሙሉ የሸሸችው ድምፅ ያለምንም ከለላ ሱቁ ውስጥ ተሰማ፤ መንተባተቡ፣ የትንፋሿ መቆራረጥ፣ ሁሉም። ሹፌሩ ተነስቶ ሊያጠፋው ቃጣ። እሷ ግን ራሷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ድገሚልኝ፣» አለች። ደግማ ሰማች።

«የቁ... የቁልፎቹ ድምፅ አልገባም፣» አለች በመጨረሻ። «የኔ ግን ጥርት ብሏል። ይሄ ይሁን።»

ረቡዕ ከሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ማይኩን ከፈተች። ሹፌሩ እረፍት ስለነበረ የሥራ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

«ሰላም። እኔ መ... መርፌ ነኝ።»

የቡድኑ ድምፅ ከማዳመጫው ሌላ በኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያም ይወጣ ስለነበር ሹፌሩም ይሰማል። «ኧረ በስማም!» አለ ጭሱ። «ሴት ነሽ እንዴ?»

«ሴት ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። እ... እንተባተባለሁም። አንዳንድ ቃል ይዘገይብኛል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሌላ አለቃ ከፈለጋችሁ ን... ንገሩኝ፤ አልቀየምም።»

«ሌላ አለቃ?» አለ ዘበኛው። ከድምፁ እሱም ጠና ያለ ሰው ነበር። «ሌላ አለቃ የት አባታችን እናገኛለን?»

ነብሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እኮ 'ወንድሜ' ስልሽ ነው የከረምኩት። አሁን ምን ልበልሽ? እትዬ?»

«መርፌ በለኝ።»

በዚያው ልምምድ ግን ሁለት ጊዜ ተሸነፉ። «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ተመለሱ»፣ «ተደበቁ»፤ የውጊያው ቃላት በሙሉ ልክ እሷ በምትደናቀፍባቸው ፊደላት ይጀምራሉ። ሹፌሩ አሁን ታለቅሳለች ሲል፣ እሷ ጠመኔዋን አንስታ የተቆረጠ ጨርቅ ስታይ ቆየች። ከዚያ ወደ ማይኩ ዞራ፣ «ቃ... ቃላቱን እንቀይራቸው፣» አለች። «ግ... ግራ 'እጅጌ' ይሁን። ቀ... ቀኝ 'ወገብ'። መደበቅ 'እጥፍ'። ሁላችሁም ወደኔ ስትሰበሰቡ 'ሽንሽን'።» አዲሶቹን ቃላት አንዱንም ሳትደናቀፍ ነበር ያለችው። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሲጫወቱት ግን ሳቁ ቀረ። «እጅጌ! እጅጌ! ሽንሽን!» ስትል ሦስቱም እንደ አንድ ሰው ይንቀሳቀሱ ነበር።

የውድድሩ እሑድ ሹፌሩ ከጀርባዋ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፉ። በሁለተኛው ምሽጉ ሊያዝ ጥቂት ሲቀረው፣ ተጋጣሚዎቹ ማንም ባልጠበቀው በኩል፣ በጣሪያው ወጡ። ለጣሪያ ቃል አላዘጋጁም።

«ጣ...» አለች። «ጣ... ጣ...»

ሹፌሩ በስክሪኑ ላይ አይቶታል። ቃሉ ምላሱ ላይ ነው፤ አፉን ቢከፍት ይወጣል። ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘ። ከሦስቱ ሰዎችም ማንም አልቀደማትም።

«ጣሪያ!»

ሦስቱም ወደ ላይ ዞሩ። ነብሮ ወደቀ፤ ምሽጉ ግን ተረፈ። ሹፌሩ ላቡን በእጅጌው ጠረገ፤ እሷ ግን ቀጣዩን ትዕዛዝ መስጠት ጀምራ ነበር።

በሦስተኛው ግጥሚያ በሰፊው ተሸነፉና ከውድድሩ ወጡ። ባሏ ራት አሙቆ ሊጠራት ሲገባ፣ የት ላይ እንደተሳሳቱ ለቡድኗ እያስረዳች ነው። እየተደናቀፈች፣ እየቆመች፣ መልሳ እየጀመረች፣ እጆቿን እያወራጨች። ዘበኛው ሊከራከራት ሲሞክር «ቆ... ቆይ፣ አልጨረስኩም!» ትለዋለች። ሹፌሩ ይህን ያህል ረጅም ጊዜ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። ራቱ እየቀዘቀዘ መሆኑን ሊነግራት የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋና፣ የተቆረጡትን ጨርቆች ወደ ጎን ገፋ አድርጎ እየሰማት ተቀመጠ።