የጨው ሐይቅ በሞጣ መስኮት

የእህቴ ልጅ ሁለቱን አፈ ሰፊ ጠርሙሶች በጋቢ ጠቅልላ ከብቸና እስከ ሞጣ በሚኒባስ ታቅፋ አመጣቻቸው። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ሕፃን መስሏቸው ብርድ እንዳይመታው መስኮቱን ዘግተውላት ነበር። ጋቢው ውስጥ የነበረው ግን ከስምጥ ሸለቆ ጨዋማ ሐይቅ የተቀዳ ውሃና ጭቃ ነው።

ልጅቷ ብቸና ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ክረምት ክረምት ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ጥያቄ አጭር ነበር፦ ሐይቁ ሲደርቅና ጨው ሲበረታበት፣ ውስጡ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ምን ይሆናሉ? አንደኛው ጠርሙስ ተከድኖ እንዳለ ይቆያል። ሁለተኛው አፉ በሻሽ ብቻ ተሸፍኖ ውሃው እየተነነ ይጎድላል። እሷ እንዳስረዳችን፣ ጨው ሲበረታ አረንጓዴዎቹ ይመናመኑና ጨው የሚወዱት ቀዮቹ ቦታውን ይይዛሉ።

"ኪራይ ሲጨምር ተከራይ እንደሚቀያየረው?" አሉ አከራዬ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ክፍሌን የሚጠርጉልኝና ቁልፉንም የያዙት እሳቸው ናቸው።

"በትክክል፣ እማማ!"

"እኛ ቤት ግን ኪራዩም አልጨመረ፣ ተከራዩም አልተቀየረ" ብለው እኔን አዩኝ።

ጠርሙሶቹ እኔ ዘንድ የመጡት የብቸናው ክፍሏ መስኮት ከግድግዳ ጋር ስለሚፋጠጥ ነው፤ የእኔ ፀሐይ ያገኛል። ደግሞም ከሃያ ዓመት በላይ ዜና የጻፍኩ ሰው ነኝ። ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ያላየሁትን አልጽፍም። "ጋሼ፣ ሰኞ ሰኞ ከፍታውን በማስመሪያ ይለኩ፣ ቀለሙን ይጻፉ። ምንም እንዳይጨመርበት" ብላኝ ሄደች። ጊዜው ጥር መግቢያ ነበር።

ሦስት ወር ከምናምን ጻፍኩ። ክፍቱ ጠርሙስ ይጎድልና ቀላ ቀላ ማለት ይጀምራል። ከዚያ በአንዱ ሰኞ ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ ይመለሳል። እኔም እንዳየሁት አሰፍራለሁ፦ "ውሃው ጨምሯል። መስኮቱ ዝግ ነው። ዝናብ የለም።" ምክንያቱን መገመት የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ ነበር። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ማስታወሻውን በስልክ ሳነብላት ልጅቷ አቋረጠችኝ።

"ጋሼ፣ ውሃ በራሱ ይጨምራል?"

"አይጨምርም።"

"ታዲያ?"

"እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።"

"ያጠጣቸው ሰው አለ" አለች። ለአማካሪዋ ውጤቱን ልታቀርብ የቀራት ሁለት ሳምንት ነው። ውሃው መቼና ምን ያህል እንደተጨመረ ካልታወቀ ሥራው በሙሉ ይጣላል፤ እንደገና ለመጀመር ሌላ ዓመት መጠበቅ ሊኖርባት ነው።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። ተያይዘን አከራዬ በር ላይ ቆምን።

"እማማ፣ ጠርሙሱ ላይ ውሃ ጨምረዋል?"

"የምን ጠርሙስ?"

"መስኮቱ ላይ ያለው።"

"የምን መስኮት?"

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝ፣ ያልተሠራ መንገድ ያስመረቀ አንድ ኃላፊ ብቻ ነው። ልጅቷ ግን እንባዋ ቀርቦ ነበር። "እማማ፣ አልቆጣም። ካላወቅሁ ግን ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ" አለቻቸው። ፊቷን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ሕይወት አላቸው ያልከኝ አንተ አይደለህም? ከብት እንኳ ጨው ልሶ ውሃ ይወርዳል! ጨው አቅምሰህ ውሃ የምትከለክል፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነህ?"

"መቼ መቼ ሰጧቸው?"

"እንደ ደንቡ ነዋ። በአቦ፣ በሚካኤል፣ በጊዮርጊስ። ለነዳያን በምሰጥበት ቀን ለእነሱም።"

የእህቴ ልጅ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዋን ገለበጠችው። በየወሩ አምስት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ ሦስት።

"ጠበል ነው?" አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

"ጠበል ጭቃ ላይ ይደፋል? ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ኖርክ! የቧንቧ ነው።"

"ስንት ሰዓት ላይ?" አለች ልጅቷ።

"ከቤተ ክርስቲያን መልስ። በዐቢይ ጾም ግን ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ ነው። እኔ ሳልቀምስ እነሱ ሊቀምሱ?"

"መጠኑንስ በምን አወቁት?"

ገብተው የአረቄ መለኪያ ይዘው ወጡ። "በዚህ፣ እስከ አፉ። ለጽድቅ የሚሰጥ አይጎድልም።"

ልጅቷ መለኪያውን ሦስት ጊዜ እያስሞላች ቁጥር ባለው ሲሪንጅ ሰፈረችው፤ ሦስቱም እኩል መጣ። ከዚያ ቀኖቹን ከማስታወሻዬ ጋር አስተያየች። ጭማሪዎቹ ሁሉ ከበዓላቱ ቀጥሎ በሚመጣው ሰኞ ተገኙ፤ አንዱ ብቻ ቀረ። ከመጋቢት ሚካኤል በኋላ ያለው ሰኞ ላይ የእኔ ጽሕፈት "ለውጥ የለም" ይላል።

"እማማ፣ ይህን ቀን ዘልለውት ይሆን?"

"እኔ? ሚካኤልን?"

ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ ይህን ሰኞ ለክተዋል?"

ያን ሳምንት ለሥራ ግንደወይን ሰንብቼ ነበር። ረቡዕ ስመለስ ደክሞኝ ስለነበር ያለፈውን ሳምንት መስመር ገልብጬ ጻፍኩ። ቁጥሩ እንኳ አልተለወጠም። በሃያ ምናምን ዓመት አንድ ዜና አስተባብዬ አላውቅም።

"አልለካሁም" አልኩ።

አከራዬ መለኪያውን በነጠላቸው ጫፍ ቀስ ብለው መወልወል ጀመሩ፤ ከስድብ የባሰ ነበር። ልጅቷ የእኔን መስመር በቀይ ሰርዛ ከጎኑ የእሳቸውን ቀንና ሰዓት አስገባች፤ እኔንም አስፈረመችኝ።

አማካሪዋ ሥራውን አልጣለውም። ሐይቁም ቢሆን ሲደርቅ በየመሐሉ ዝናብ ያገኘዋል፤ ስለዚህ አረንጓዴዎቹ ንጹሕ ውሃ ባገኙ ቁጥር እስከ መቼ እንደሚመለሱ ተከታተይ ብሎ ጥያቄውን አስለወጣት። አዲስ ጠርሙስ ይዛ ስትመጣ በእኔ መስኮት አልፋ እማማ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ" አለች።

አሁን ውሃ የሚጨመርበትን ቀን የሚወስኑትም፣ ቀለሙን የሚመሰክሩትም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ለጽሕፈት ስለደከመ ሰኞ ሰኞ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ።

"ምን ብለህ ጻፍክ? አንብብልኝ እስቲ።"

"ቀለሙ፣ አረንጓዴ።"

"አረንጓዴ ብቻ? ጎመን ነው እንጂ። ያልበሰለ ጎመን።"

"ያልበሰለ ጎመን" ብዬ እጽፋለሁ።